ካሬ ሲጋር አቀማመስ፦ ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ ቦክስ ፕረስ ለምትመዝኑ

ካሬ ሲጋር፣ ማለትም ቦክስ ፕረስ የሚባለውን ክብ ሳይሆን አራት ጎን ያለውን ሲጋር ያየ ሰው ሁሉ "ይቺ ለየት ያለች ናት" ይላል፣ ከዛ ቅርጿ ስላማረው ብቻ ጣዕሟንም እያደነቀ ያወራል። ካሬነት ግን ጣዕም አይደለም። ቅርጹ የሚነካው ጭሱ እንዴት እንደሚሳብ፣ እሳቱ እንዴት እንደሚሄድ እና ከንፈር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው፣ ጣዕሙን የሚያመጣው ቅጠሉ ነው። ሁለቱን ለያይቶ መመዘን ነው እንግዲህ ጠቅላላ ስራው፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም እሱኑ ነው፣ በተለይ ሐዋሳ ለምትኖሩ፣ ምክንያቱም እዚህ የአየሩ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሲጋር ጭሱን ወደ ሳንባ ባታስገቡትም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፣ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዛል። የማያጨስ ሰው ይሄን አንብቦ ይጀምር ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ ለሚያጨስ አዋቂ ነው። ህጉም ቀላል አይደለም፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው፣ ሆቴል ባር ካፌ ምናምን ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው፣ ውጪም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለባችሁ። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ጋር ካፌ በረንዳ ላይ እግር አንፈራጦ ሲጋር ማቀጣጠል የሚባለውን እርሱት። የራሳችሁ ግቢ፣ ዛፍ ስር፣ ልጆች የሌሉበት ሰዓት፣ በቃ።

እሺ ቦክስ ፕረስ ምንድነው? ሲጋሩ መጀመሪያ እንደማንኛውም ክብ ሆኖ ነው የሚጠቀለለው። ከዛ ቅጠሉ ገና እርጥበት እያለው ሳጥን ውስጥ ተጠጋግቶ ይደረደርና ይጫናል፣ እርስ በርሱ ሲገፋፋ አራት ጎን ያወጣል። እንደዚህ የተሰራው ማዕዘኑ ለስለስ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ በእያንዳንዱ ሲጋር መሀል የእንጨት ጣውላ እየገባ የሚጫነው ነው፣ እሱ ማዕዘኑ ስል ይወጣለታል። ኩባ ውስጥ ድሮ ሲጋር ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ካሬ ይሆን ነበር፣ ዛሬ ግን ቦክስ ፕረስ ሲባል ቶሎ የሚጠራው ኒካራጓ ነው፣ በተለይ ኤስቴሊ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1964 ማያሚ ላይ የተቋቋመው ሲጋር ሰሪ ፓድሮን 30ኛ ዓመቱን ሲያከብር በ1994 ያወጣው የ1964 አኒቨርሳሪ ሲጋር ካሬ ነው፣ ብዙ ሰው ካሬን የወደደው በሱ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ፣ ምክንያቱም የመመዘኑ ቁልፍ እዚህ ጋር ነው። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው፣ 50 ከተባለ ወደ 20 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዲያሜትር ማለት ነው። ዙሪያው በግምት 62 ሚሊሜትር ይሆናል። ያንን ዙሪያ ሳትቀንሱ ካሬ ብታደርጉት እያንዳንዱ ጎን 15 ተኩል ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ የውስጡ ስፋት ግን አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ቅጠሉ አልቀነሰም፣ ቦታው ነው የቀነሰው። ስለዚህ የሚጠቀልለው ሰው ከመጀመሪያው ጠቅጥቆ ከሞላው ሲጫን መንገድ ይዘጋል፣ ሲሳብ ይታነቃል፣ አላልቶ ከሞላው ደግሞ ተጭኖ ልክ ይመጣል። ካሬ ሲጋር ላይ የሰሪው ችሎታ የሚታየው እዚህ ነው፣ እኔ ካሬ ስቀምስ ከጣዕም በፊት የምፈልገውም ይሄንኑ ነው።

ወደ ስራው። ሲጋሩ ከዱባይም ይምጣ ከሌላ፣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ያመጣላችሁን ሲጋር በዛው ቀን አታቀጣጥሉት። የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው፣ ሻንጣውም ምን ምን ሲሸት እንደመጣ አይታወቅም። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ምሳ እቃ ግዙ፣ ታጥቦ ሽታው የጠፋ፣ ውስጡ የእርጥበት ፓኬት ጨምሩ፣ 65 ወይም 69 ተብሎ የተጻፈበት (የእርጥበቱ መጠን በመቶኛ ነው)፣ እኔ ለካሬ 65ቱን ነው የምመርጠው ምክንያቱም ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ትንሽ ደረቅ ሲል አሳሳቡ ይሻላል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ። ርካሽ ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ከገዛችሁ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትመኑት፣ የጠርሙስ ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው አድርጉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ ሊጥ ሊጥ ይበል እንጂ አይሟሟ፣ ከመለኪያው ጋር ፌስታል ውስጥ አሽጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት 75 ማለት አለበት። 71 ካለ ሁሌ 4 እየደመራችሁ አንብቡ።

ሐዋሳ ላይ ሁለት ጠላት አለ። አንዱ ክረምት ነው፣ አየሩ ይረጥብና ሻጋታ ይመጣል፣ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ጸጉራም ነገር የሚቀጣጠለው ጫፍ ጋር ካያችሁ ይጣል፣ መጥረግ ምናምን የለም። ሁለተኛው የበጋው ሙቀት ነው፣ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ አንድ ቀን ሳጥኑን ስትከፍቱ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። እቃውን ቆርቆሮው ስር ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ቦታ፣ አልጋ ስር ምናምን አስቀምጡ። ከጠረጠራችሁ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሶስት ቀን፣ ከዛ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ቀን፣ ከዛ ወደ ቦታው። በቋሚነት ግን ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

የምትቀምሱበት ቀን ምግብ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ባዶ ሆድ አይሆንም፣ ኒኮቲኑ ያጥወለውላል፣ ላብ በላብ ያደርጋችኋል። ግን ደግሞ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የተጠበሰ አሳ በዳጣ በልታችሁ ብትመጡ ምላሳችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ከስራ ውጪ ነው፣ ዳጣ የነካው ምላስ ቁንዶ በርበሬንም ሚጥሚጣንም አይለይም። ዳቦ፣ ድንች፣ ቂንጬ፣ እንደዚህ አይነት ነገር ብሉ። መጠጡ ውሃ ይሁን፣ ጋዝ የሌለው። ቡና ከሲጋር ጋር እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ሲዳማ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና አትጠጡ የምል ሰው አይደለሁም፣ ግን ለምዘና ከሆነ ቡናው ይቆይ፣ ምክንያቱም ቡና ቡና የሚል ጣዕም ስታገኙ ከየት እንደመጣ አታውቁም። ማኪያቶ በስኳር ደግሞ ጭራሽ። ጎናችሁ ጣፋጭ ነገር አስቀምጡ፣ ራሳችሁ ከዞረ ማር ወይ ለስላሳ ትወስዱና ሲጋሩን ታስቀምጡታላችሁ። ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ሲጋሩ በአንድ ጎን እየነደደ መከራ ያሳያችኋል፣ ከዛ እናንተ ሰሪውን ትወቅሳላችሁ።

አሁን ሲጋሩን ያዙት። ሳታቀጣጥሉ አምስት ደቂቃ ስጡት። ራፐር የምንለው የላይኛው ሽፋን ቅጠል ነው፣ ከስሩ አቅፎ የሚይዘው ባይንደር፣ ውስጥ የታጠፉት ቅጠሎች ፊለር። ካሬ ላይ መጀመሪያ የምታዩት አራቱን ማዕዘን ነው፣ ራፐሩ የሚሰነጠቀው እዛ ጋር ነውና፣ ጸጉር የመሰለች ስንጥቅ ካለች ሲሞቅ ትሰፋለች። ከዛ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን፣ ከዛ 90 ዲግሪ አዙራችሁ ሌላኛዎቹን። የሆነ ቦታ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ እዛ ጋር ጭሱ ይታነቃል፣ ጎድጎድ ካለ ደግሞ እሳቱ እዛ ሲደርስ ይሮጣል። ክብ ሲጋር ላይ እንደለመዳችሁት በጣት መሀል እያንከባለላችሁ ማላላት እዚህ አይሰራም፣ ማዕዘኑን ትሰብሩታላችሁ። የቅጠሉ ደም ስር ወፍራም መሆኑ ብዙ አያሳስብም፣ መልክ ነው።

አሽትቱት፣ አንዴ ጎኑን፣ አንዴ የሚቀጣጠለውን ጫፍ። አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ፣ ያ በረት ውስጥ ጠዋት የምታገኙት ስለታም ነገር፣ ካለ ቅጠሉ ፍላቱን አልጨረሰም፣ መልሱት ወደ እቃው፣ ጥቂት ወራት ይቆይ። መጠነኛ የድርቆሽ፣ የቆዳ፣ የካካዎ ሽታ ጤናማ ነው። እግረ መንገዴን፣ ኮሂባ (ታዋቂው የኩባ ሲጋር) ነው ተብሎ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሳጥን የሚሸጥላችሁ ፎርጅድ ነው፣ ማሽተትም አያስፈልግም።

አቆራረጥ ላይ፦ ጭንቅላቱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ ያለችውን ቆብ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ፣ ትከሻው ሳይጀምር። ካሬ ላይ ከተሩን (የሲጋር መቁረጫውን) በማዕዘኑ በኩል አታስገቡት፣ ምላጩ ጠፍጣፋው ጎን ላይ ተኝቶ ይዝጋ፣ በማዕዘን ከገባ ራፐሩን ይገሽልጠዋል። የሚበሳው አይነት መቁረጫ ለጠፍጣፋ ጭንቅላት አይመቸኝም። ከተር ከሌለ አዲስ ምላጭ ይሻላል፣ ጥርስ ግን አይሆንም። ከቆረጣችሁ በኋላ ሳታቀጣጥሉ ሳቡት። አየሩ ትንሽ ተቃውሞ እያሳየ ከገባ ጥሩ ነው። ምንም ሳይይዝ ከገባ ላላ ነው፣ ቶሎ ይነዳል ይሞቃል። ጉንጫችሁ ወደ ውስጥ እስኪገባ ካስቸገረ አንድ ሚሊሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ፣ አሁንም ካልሆነ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት፣ ይሄ የቅርጹ ጥፋት ነው፣ የጣዕሙ አይደለም። ይሄን እዚህ ጋር መለየት ካልቻላችሁ በኋላ መራራ ሲሆንባችሁ ቅጠሉን ትከሳላችሁ፣ መራራ ያደረገው ግን ስለታፈነ በኃይል መሳባችሁ ሊሆን ይችላል።

ለማቀጣጠል የቡቴን ጋዝ ላይተር። በቤንዚን የሚሰራው ሽታውን ያስገባል፣ ሻማም ሰሙን። ክብሪት ይሆናል፣ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ግን ጠብቁ። እሳቱን አታስነኩት፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ጫፉን አሙቁ። ካሬ ላይ መሀሉ ቶሎ ይይዝና አራቱ ማዕዘኖች ይቀራሉ፣ ስለዚህ ማዕዘን በማዕዘን ሂዱ፣ ከዛ ጫፉ ላይ እፍ ብላችሁ እዩ፣ ያልቀላ ማዕዘን ካለ ድገሙለት። ይሄ አንድ ደቂቃ የኋላውን ግማሽ ሰዓት ያድናል።

አሁን ማጨስ። በደቂቃ አንዴ፣ ከዛ አይበልጥ። ጭሱ አፍ ውስጥ ይዞር፣ ይውጣ። አለመዋጥ ለሲጋራ አጫሽ ይከብዳል፣ ግን ግዴታ ነው። ከፈጠናችሁ ጫፉ ይግላል፣ ያኔ ሁሉም ሲጋር አንድ አይነት ይሆናል፣ ከሰል። 12 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው ሮቡስቶ የምትባለው መጠን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ትወስዳለች።

ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ አንድ ሶስተኛ ባለቀ ቁጥር ጻፉ። መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ስትስቡ የሚመጣውን አትመዝኑ፣ የእሳቱ ጣዕም ነው። ከጭሱ ጥቂቱን ብቻ፣ ከመቶ አስር እጁን በሉት፣ በአፍንጫ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፣ ወደ ሳንባ ሳይገባ፣ ዋናው ጣዕም ያለው እዛ ነው፣ ምላስ የሚያውቀው ጣፋጭ መራራ ጎምዛዛ ጨዋማ ምናምን ነው፣ የቀረውን ሁሉ አፍንጫ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ትለምዱታላችሁ።

እንግዲህ ምን እንደቀመሳችሁ መናገር ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። የውጪ ሰው የጻፈውን አንብቦ "ግራሃም ክራከር" ይላል፣ ግራሃም ክራከር በልቶ አያውቅም እኮ! የራሳችሁን ጓዳ ተጠቀሙ። ከመቅመሳችሁ በፊት የቅመም እቃዎቹን አውጡና አንድ በአንድ አሽትቱ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ጥቁር አዝሙድ። ሰው ሴዳር የሚለው የእንጨት ጣዕም አናጢ ቤት ጽድ ሲላግ የሚሸተው ነው። የኒካራጓ ሲጋር ላይ በአፍንጫ ስታወጡ የሚቆነጥጣችሁ ነገር ቁንዶ በርበሬ ነው ብዙ ጊዜ። ማዱሮ የሚባለው ጠቆር ያለ ራፐር ቴምር፣ ያረረ ስኳር፣ ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ያመጣል። ኮኔቲከት የሚባለው ነጣ ያለው ደግሞ ገብስ ቆሎ፣ ቅቤ፣ የዳቦ ቅርፊት። ዝናብ የነካው አፈር፣ በወይራ የታጠነ የወተት እቃ፣ የማር ሰፈፍ፣ እጣን፣ ለውዝ፣ የጌሾ ምሬት፣ እነዚህን ሁሉ አፍንጫችሁ ከልጅነት ጀምሮ ያውቃቸዋል። ጎምዘዝ የሚል የቆየ ቆጮ አይነት ነገር ካገኛችሁም ጻፉት፣ አትፈሩ፣ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ ከጣፋጩ ጋር ከተመጣጠነ እኔ እወደዋለሁ።

ሶስት ነገር ደግሞ አትቀላቅሉ። ጉልበቱ አንድ ነው፣ ኒኮቲኑ ማለቴ ነው፣ ምላስ ላይ ሳይሆን ጭንቅላትና ሆድ ላይ ነው የሚታወቀው፣ የሚያመጣው በተለይ ሊጌሮ የሚባለው ከተክሉ አናት የሚለቀም ቅጠል ነው፣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ መሀል ላይ ነው የሚቀመጠው። ክብደቱ ሌላ ነው፣ ጭሱ አፍ ውስጥ ሲሞላ የሚሰማው ውፍረት። የጣዕሙ ብርታት ሶስተኛ ነው። ራፐሩ ስለጠቆረ ከባድ ነው የሚል ሰው ሞልቷል፣ ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ከረጅም ፍላትና ከሙቀት የመጣ ነው፣ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ወፍራም ጭስ ያለው ለስላሳ ሲጋር አለ፣ ቀጭን ጭስ ኖሮት የሚጥላችሁም አለ።

አነዳዱን በየመሀሉ እዩት። አንዱ ማዕዘን ወደ ኋላ ከቀረ ሁለት ሶስት ጊዜ እስክትስቡ ታገሱት፣ ያ ማዕዘን ወደ ታች ይሁን፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይደርሳል። ካልደረሰ በላይተር ነካ አድርጉት። አንዴ መንካት ምንም አይደል፣ አምስቴ ከነካችሁት ከነጥቡ ይቀነስ። አመዱ ነጭ ሆነ ግራጫ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሞላ መተርኮሻው ላይ ራሱ ይውደቅ።

ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ እኔ የምጠቀምበት ይሄ ነው፦ አሳሳብ 20፣ አነዳድ 15፣ መልክ 5፣ ጣዕም 35፣ ከውጠት በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው 10፣ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው መለዋወጡና ሚዛኑ 15። ውጠት ስል ውሃውን ነው። የቅርጹ ነጥቦች (አሳሳብ፣ አነዳድ፣ መልክ) አንድ ላይ፣ የቅጠሉ ነጥቦች አንድ ላይ ደምሩና ሁለት ቁጥር ይኑራችሁ፣ 38 ከ40 አግኝቶ ጣዕሙ 30 ከ60 የሆነ ሲጋር ቆንጆ የተሰራ አሰልቺ ሲጋር ነው፣ ተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ከዛው ሳጥን ደህና የተሰራ ሌላ ፍሬ ሊገኝ ይችላል።

ቅርጹ ራሱ ምን እንደሚያመጣ በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ አለው፣ አንዳንድ ሰሪዎች ያንኑ ቅልቅል ክብም ካሬም አድርገው ያወጣሉ፣ ርዝመትና ውፍረቱ የተቀራረበውን ጥንድ ፈልጉ። በአንድ ቀን ሁለቱን አታጭሱ፣ ሁለተኛው ሁሌ ይጎዳል። በተለያየ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ አይነት ምግብ በልታችሁ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳታዩ። ዓይን ሸፍኖ መቅመስ እዚህ አይሰራም፣ ከንፈር ካሬውን ወዲያው ያውቀዋል። ራፐርን ለመለየት ከሆነ ደግሞ ፓድሮን 1964 ናቹራልም (ከማዱሮ ፈካ ያለ ራፐር) ማዱሮም አለው፣ ሁለቱም ካሬ፣ ቅርጹ ስለማይለያይ የምታገኙት ልዩነት የቅጠሉ ነው። ዋጋው እኛ ኪስ ላይ ቀልድ አይደለም፣ ለሁለት ጓደኛ ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል።

መጨረሻው ሶስተኛ ላይ መራራ ሲጀምር ወደ ውስጥ ሳትስቡ በሲጋሩ በኩል ወደ ውጪ ቀስ ብላችሁ ንፉበት፣ የታቆረው ጋዝ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ጣታችሁን ማቃጠል ከጀመረ ወይ ጫፉ ለስልሶ ውሃ ከያዘ አበቃ፣ እስከ ቀለበቱ ወረቀት ካልደረስኩ የሚባል ነገር የለም። አትደፍጥጡት፣ ሲደፈጠጥ ነው የሚገማው፣ መተርኮሻው ላይ ተዉት በራሱ ይሞታል፣ ከዛ ቁራጩን ውሃ አርከፍክፉበትና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ግቢ ውስጥ ህጻንና ውሻ ካለ በተለይ፣ ኒኮቲኑ መርዝ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የእርጥበቱን ቁጥርና ነፋስ መኖር አለመኖሩን ጻፉና አስቀምጡት። ስለ ሳጥኑ "ጥሩ ነው" ወይ "አይረባም" ከማለታችሁ በፊት ከዛው ሳጥን ሌላ አንድ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ አውጡ፣ በእጅ የተሰራ ነገር አንዱ ከአንዱ ይለያያል፣ አንዷ ስለታነቀች ሃያዎቹም ይታነቃሉ ማለት አይደለም።